ዳቦው 5 ፕፌኒግ፣ መኪናው 12 ዓመት

ጥያቄ፦ «አባቴ በ1980ዎቹ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ከተማ ተምሯል። ዳቦ በ5 ፕፌኒግ፣ ትራም በ20 ፕፌኒግ፣ ኪራይ ከምንም የማይቆጠር፣ ሥራ አጥ የሚባል ሰው የሌለበት አገር ነበር ይለኛል። "ያን የመሰለ ኢኮኖሚ ያፈረሱት ምዕራባውያን ናቸው" ባይ ነው። እኔ ለማስተርስ መመረቂያዬ ስለ ዋጋ ቁጥጥር እየጻፍኩ ነው። ምሥራቅ ጀርመንን የተሳካ ምሳሌ አድርጌ ለመጥቀስ አስቤያለሁ። ልክ ነኝ? ካልሆንኩስ ሁሉ ነገር ርካሽ የነበረበት አገር ለምን ወደቀ?»

አባትዎ ስለ ዋጋው የነገሩዎት እውነት ነው። ትንሿ ዳቦ 5 ፕፌኒግ፣ የትራም ቲኬት 20 ፕፌኒግ ነበር። 100 ፕፌኒግ አንድ ማርክ ነው። ኪራይ በካሬ ሜትር ከ80 ፕፌኒግ እስከ አንድ ማርክ ከሩብ ይደርሳል። 60 ካሬ ሜትር ቤት ያለው ቤተሰብ በወር ከ50 እስከ 75 ማርክ ቢከፍል ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አማካይ ደመወዝ 1300 ማርክ ገደማ ስለነበር ኪራይ የማንንም እንቅልፍ አይነሳም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ርካሽ ነበር» ከሚለው ተነስቶ «ስለዚህ ኢኮኖሚው ጠንካራ ነበር» ወደሚለው መዝለል አይቻልም።

እዚያ አገር ዋጋን የሚወስነው በርሊን የተቀመጠ መሥሪያ ቤት ነው። የዱቄቱ፣ የከሰሉ፣ የጋጋሪው ደመወዝ ሲደመር ዳቦው ከ5 ፕፌኒግ በላይ ያስወጣል። ልዩነቱን መንግሥት ይሞላል። መንግሥት ደግሞ ከየት ያመጣል? ጽሑፍዎ መነሳት ያለበት ከዚህ ይመስለኛል።

«ምዕራባውያን አፈረሱት» ወደሚለው በኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ አባትዎን የሚያግዝ ነጥብ ላንሳ። ምሥራቅ ጀርመን ከምዕራቧ እኩል አልተነሳችም። ሶቭየት ኅብረት የጦር ካሳዋን የወሰደችው በዋናነት ከምሥራቁ ክፍል ነው። ፋብሪካዎች ከነማሽናቸው ተነቅለው ተጫኑ። ጥንድ ሐዲድ በነበረባቸው የባቡር መስመሮች ላይ አንዱ ሐዲድ ተነስቶ ሄደ። ከዚያም እስከ 1953 መጨረሻ ድረስ ከሚመረተው ላይ ይቆረጥ ነበር። ምዕራቡ በበኩሉ ማርሻል ፕላን የተባለውን የአሜሪካ የመልሶ ግንባታ ገንዘብ አገኘ። ጥሩ የድንጋይ ከሰልና የብረት ፋብሪካ የሞላበት የሩር አካባቢም የቀረው በምዕራቡ በኩል ነው። ይህን ሳይጠቅሱ ሁለቱን ጀርመኖች ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

በዚያ ላይ ሰው ይፈሳል። አገሩ በኦክቶበር 1949 ከተመሠረተ እስከ ኦገስት 1961 ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ወደ ምዕራብ ሄደ። የሚሄደው ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ ሙያ ያለው ወጣት ነው። ስለ በርሊን ግንብ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፖለቲካው ነው። እኔ ግን የሠራተኛ ፖሊሲም ጭምር አድርጌ ነው የማየው። የሰለጠነ ሰው በየቀኑ ሻንጣውን ይዞ በሚወጣበት አገር የአምስት ዓመት ዕቅድ ማውጣት በተቀደደ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው። ኦገስት 13 ቀን 1961 ቀዳዳው በግንብ ተደፈነ።

አሁን ወደ ዋጋው። ለምን ያን ያህል ርካሽ ሆነ? መልሱ የሚገኘው ከበጀት መዝገብ ይልቅ ከአመፅ ታሪክ ውስጥ ነው። በ1953 መንግሥት የሠራተኛውን የሥራ ኮታ በ10 በመቶ ከፍ አደረገ፣ ደመወዝ ግን አልጨመረም። ጁን 16 የበርሊን ግንበኞች መሣሪያቸውን ጥለው ሰልፍ ወጡ። በማግሥቱ አመፁ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ከተሞችና መንደሮች ተዛመተ። ያበረደው የሶቭየት ታንክ ነው። በዲሴምበር 1970 ደግሞ ጎረቤት ፖላንድ የምግብ ዋጋ ጨመረች። የግዳንስክ የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች ተነሱ፣ ደም ፈሰሰ፣ የፓርቲው መሪ ጎሙልካ ከሥልጣኑ ወረደ። ኤሪክ ሆኔከር የምሥራቅ ጀርመኑን የፓርቲ መሪ የኡልብሪክትን ወንበር የያዘው ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሜይ 1971 ነው። የጎረቤቱን ጢም ሲነድ ያየ ሰው ነው። ዳቦ፣ ኪራይና ትራም እንዳይነኩ ወሰነ፤ እስከ መጨረሻውም አልተነኩም። ስለዚህ ያችን 5 ፕፌኒግ እንደ መድን አረቦን ይዩዋት። ፓርቲው ከአመፅ ለመዳን በየቀኑ የሚከፍላት ናት።

አረቦኑ ግን በየዓመቱ እያበጠ ሄደ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሸቀጥና የአገልግሎት ዋጋን ለመደጎም ብቻ በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ማርክ ይወጣ ነበር። ገንዘቡ የድሃው ጓዳ ብቻ ቢገባ አንድ ነገር ነው። የሆነው ሌላ ነው። ጥንቸል የሚያረባ ሰው (ጥንቸል መብላት ለእኛ እንግዳ ቢሆንም እዚያ የተለመደ ነው) ምርቱን ለመንግሥት መረከቢያ ይሸጣል። መንግሥት ምርት ለማበረታታት ብሎ ጥሩ ይከፍለዋል። ያው ሥጋ ሱቅ ሲደርስ ተደጉሞ፣ ከተገዛበት ባነሰ ዋጋ ይቀመጣል። ሰውዬው በአንዱ በር የሸጠውን በሌላው በር ቢገዛው ትርፍ በኪሱ ይቀራል። እንቁላልና አትክልትም ላይ እንዲሁ ነበር። ዳቦ ደግሞ ከመኖ ስለሚረክስ ለአሳማና ለዶሮ ይሰጣል። ይህን ለተማሪዎቼ ሳወራ ይስቃሉ። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሞኝ የለም። አርቢው ብልህ ነው፣ ሻጯም መመሪያዋን አክብራለች። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው ዋጋው ነው።

ሙቀትም እንደዚያው። በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች ሙቀት የሚመጣው ከማዕከል ነው፤ ሒሳቡ ከፍጆታ ጋር አይገናኝም። ብዙ ቤት ውስጥ መቀነሻ እንኳ አልነበረም። ቤቱ ሲግል መስኮት ይከፈታል። ውጭ በረዶ ይጥላል፣ ውስጥ ከሰሉ ይነድዳል፣ መስኮቱ ወለል ብሏል።

ስለ ኪራይ የሚነግሩን አባትዎ ላይፕዚግ የኖሩ በመሆናቸው ደስ ብሎኛል፤ ይህን ነገር ከላይፕዚግ በላይ የሚያሳይ ከተማ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቀበሌ ቤት የኖረ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ የገባ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ኪራዩ ሲቆለፍ ጣሪያ የሚጠግን ገንዘብም አብሮ ይቆለፋል። በምሥራቅ ጀርመን አሮጌ ቤቶች ኪራይ የቆመው ገና ከጦርነቱ በፊት፣ በ1936 ነው፤ አዲሱ መንግሥት እንዳለ ወረሰው። የግል የቤት ባለቤቶች ከሚሰበስቡት ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ መግዛት አቃታቸው። አንዳንዶቹ ቤታቸውን ለመንግሥት በነፃ ለቀቁ። ጣሪያ ያፈሳል፣ የላይኛው ፎቅ ይለቀቃል፣ ቀጥሎ የሥረኛው። ሆኔከር በ1973 ባወጣው ፕሮግራም የቤት ችግር እስከ 1990 ይፈታል ተብሎ ነበር። በየከተማው ዳር፣ ለምሳሌ በርሊን ማርዛን ላይ፣ በተገጣጣሚ ኮንክሪት ግዙፍ ሰፈሮች ተሠሩ። እውነተኛ ሥራ ነው። የከሰል ምድጃና የጋራ መጸዳጃ ከነበረበት ቤት ወጥቶ ሙቅ ውሃ ያለው ቤት የገባ ቤተሰብ ደስታው ፕሮፓጋንዳ አልነበረም። ችግሩ ገንዘቡና ሲሚንቶው ሁሉ ወደ ዳር ሲሄድ መሐል ከተማው መበስበሱ ነው። በዚያን ጊዜ የሰላም ንቅናቄው መፈክር «ያለ መሣሪያ ሰላም እንፍጠር» የሚል ነበር። ሕዝቡ ቃሏን ቀይሮ «ያለ መሣሪያ ፍርስራሽ እንፍጠር» እያለ ያፌዝ ነበር። በጀርመንኛው ቤት ይመታል።

ርካሹን ካየን ውዱን እንይ። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ከ4000 ማርክ በላይ ነው፤ የአማካይ ሠራተኛ የሦስት ወር ደመወዝ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ቡና 70 ማርክ ገደማ ነው፤ ከአንድ ወር ኪራይ ይበልጣል ወይም ይስተካከላል። ትራባንት መኪና ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። ተመዝግበው ከ10 እስከ 15 ዓመት ይጠብቃሉ። ቤተሰቦች ልጃቸው 18 ዓመት በሞላው ማግሥት ያስመዘግቡታል። ከዚህ የተነሳ ያገለገለ ትራባንት ከአዲሱ በላይ ይሸጣል። ተማሪ ሲያነበው የተሳሳተ ፊደል ይመስለዋል፤ አልተሳሳተም። አዲሱ በመንግሥት ዋጋ ይሸጣል፣ ግን አይገኝም። አሮጌው ዛሬውኑ ይነዳል። ልዩነቱ የ12 ዓመት ጊዜ ዋጋ ነው።

«ሁሉም እኩል ነበር» የሚለውንም ካነሱ ያርሙት። በደመወዝ በኩል ልዩነቱ ጠባብ ነበር፣ እውነት ነው። ልዩነቱ የተዛወረው ወደሚያውቁት ሰው ነው። ጀርመኖቹ ጎንበስ ተብሎ ከባንኮኒ ሥር የሚወጣ ዕቃን «ቡክቫረ» ይሉት ነበር። ሙዝ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ ሻጯ ለምታውቀው ሰው ጎንበስ ትላለች። እኛ «ዘመድ ካለህ» እንደምንለው እነሱም «ቫይታሚን ቤ» ይላሉ፤ ቤዋ «ግንኙነት» የሚለው ቃላቸው የመጀመሪያ ፊደል ናት። ዘመድ የሌለው ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋል። አቤቱታ ማቅረብ በሕግ የተፈቀደ ነበርና ሰው ስለ ማጠቢያ ማሽኑም ስለሚያፈሰው ጣሪያውም በቀጥታ ለሆኔከር ይጽፍ ነበር። በተለይ ምርጫ ሲቃረብ። በነገራችን ላይ ለተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም። የማኅበረሰቡ ድምፅ ያለው እነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ኢንተርሾፕ ነው። እነዚህ ሱቆች የምዕራብ ዕቃ በምዕራብ ገንዘብ ብቻ ይሸጣሉ። ከ1974 ጀምሮ ዜጎች የውጭ ምንዛሪ መያዝ ሲፈቀድላቸው በሩ ለአገሬውም ተከፈተ። ምዕራብ ጀርመን አክስት ያለው ሰው የቡና ቆርቆሮና ጂንስ ይገዛል። ዘመዶቹ ሁሉ ምሥራቅ የሆኑበት ሰው፣ ይልቁንም ከምዕራብ ሰው ጋር መገናኘት የተከለከለ የፓርቲ ታማኝ፣ መስኮቱን እያየ ያልፋል። ለሠራተኛው መንግሥት ይህ ትንሽ ነውር አይደለም። በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ «በሰማያዊ ሴራሚክ እለውጣለሁ» የሚል ካነበቡ ሰውዬው ግንበኛ አይደለም። ሰማያዊ ሴራሚክ ማለት ባለ 100 የምዕራብ ማርክ ኖት ነው።

ሥራ አጥ አልነበረም የሚለው በአብዛኛው ትክክል ነው። ሴቶችን በሚመለከት ያለውን ደግሞ አላቃልለውም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥልጠናና ትምህርት ላይ ያሉትን ጨምሮ ከሴቶቹ 90 በመቶ ያህሉ በሥራ ዓለም ውስጥ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 80 በመቶ ገደማው የሕፃናት ማቆያ ቦታ ነበራቸው። የወሊድ ዓመት ከነክፍያው ነበረ። ምዕራቡ ይህን ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ይሁንና ሁሉም ሠራተኛ በየቀኑ ሥራ ነበረው ማለት አይደለም። ጥሬ ዕቃ በሰዓቱ አይደርስም፣ መለዋወጫ ይጠፋል። ስለዚህ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሰው ያከማቻል። ዕቅድ መዝጊያ ሲደርስ ሁሉንም አሰልፎ ሌት ተቀን ያሠራቸዋል፣ ከዚያ ደግሞ ይቀመጣሉ። የአንድ ሠራተኛ ምርታማነት ከምዕራቡ ሲሶ ገደማ ነበር የሚሉ ግምቶች አሉ፣ ከፍ የሚያደርጉትም አሉ። ቁጥሩ ላይ አይከራከሩ፤ አቅጣጫው ላይ ግን ክርክር የለም።

አንድ በብዛት የሚዘለል ነገር አለ። ብዙ ሰው ሁሉ ነገር ገና ከ1949 ጀምሮ የመንግሥት የሆነ ይመስለዋል። አይደለም። መሬት ሙሉ በሙሉ ወደ ኅብረት እርሻ የገባው በ1960 ነው። ትናንሽና መካከለኛ የግል ፋብሪካዎች ደግሞ እስከ 1972 ድረስ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሆኔከር ወደ 11,000 የሚሆኑትን ወረሰ። እነዚህ ድርጅቶች የሚሠሩት ልብስ፣ መጫወቻ፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ ልዩ መሣሪያ ነበር። ባለቤቱ ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያሻሽላቸው ነገሮች ናቸው። ግዙፍ ኮምቢናት (የመንግሥት ፋብሪካዎች ስብስብ) ውስጥ ሲዋጡ ለእነሱ የሚጨነቅ ጠፋ። ከዚያ በኋላ «ጥቃቅን ዕቃ የለም» የሚለው ሮሮ ባሰ። አንድ መንግሥት በራሱ እጅ ካደረሳቸው ጉዳቶች እኔ ይህን ከፊት አስቀምጠዋለሁ።

የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ እኛንም ይነካል፤ ትንሽ ልቆይበት። በ1975 ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡናውን ተክል መታው። በ1976 እና 77 የዓለም የቡና ዋጋ ሰማይ ነካ። ምሥራቅ ጀርመን ለቡና የምታወጣው ምንዛሪ ቀድሞ ከነበረው ብዙ እጥፍ ሆነባት። ፓርቲው ርካሹን ቡና ከገበያ አነሳና «የቡና ድብልቅ» የሚባል አወጣ። ግማሹ ቡና፣ ግማሹ አጃ፣ ገብስ፣ የስኳር ቀይ ሥር የመሰለ ነገር ሁሉ ነው። ሕዝቡ አበደ። ማሽናችንን ደፈነው የሚል ቅሬታ ጎረፈ። ታዋቂ የምዕራብ ጀርመን ቡና «ክሮኑንግ»፣ ዘውድ መድፋት እንደማለት ነው፣ ይባላል። ድብልቁን «የኤሪክ ዘውድ» አሉት። ያ ሁሉ ዘመን ዝም ያለ ሕዝብ በቡናው ሲመጡበት አልቻለም፤ ይህን ስሜት ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚህ ጭንቅ ወቅት የፖሊት ቢሮው አባል ቬርነር ላምበርትስ አዲስ አበባ መጣ። በ1977 ነው፣ ደርግ ከሶማሊያ ጋር ወደ ጦርነት እየገባ ነው። እኛ ቡና አለን፣ መሣሪያ የለንም። እነሱ መሣሪያና የጭነት መኪና አላቸው፣ ቡና የላቸውም። ልውውጡን በውስጣቸው «ሰማያዊ በቡናማ» ይሉት ነበር፣ ሰማያዊው መሣሪያው ነው። አባትዎም ሆኑ እኩዮቻቸው የሚያስታውሱት «ኢፋ» የጭነት መኪና የመጣው ከዚያው አገር፣ ሉድቪግስፌልደ ከሚባል ከተማ ነው። ግን ልውውጡ አልዘለቀም። ኢትዮጵያም ዶላር ያስፈልጋት ነበር፤ ያላት የዶላር ምንጭ ደግሞ ዋናው ቡና ነው። የምንዛሪ ድሃ ከምንዛሪ ድሃ ጋር ለጊዜው ይለዋወጥ ይሆናል፣ ጉድለቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ምሥራቅ ጀርመን በኋላ ፊቷን ወደ ቬትናም አዞረች፤ እዚያ በገንዘቧ የተተከለው ቡና በደንብ ሲያፈራ አገሪቱ ራሷ የለችም።

ትልቁ ምት ግን ከሞስኮ ነው የመጣው። ምሥራቅ ጀርመን ከሶቭየት ኅብረት ድፍድፍ ነዳጅ ከዓለም ገበያ በቀነሰ ዋጋ ትወስድና ከፊሉን አጣርታ ለምዕራብ በጠንካራ ምንዛሪ ትሸጣለች። በ1982 ሞስኮ ከዓመታዊው 19 ሚሊዮን ቶን ላይ 2 ሚሊዮኑን ቀነሰች። ሆኔከር የሶቭየቱን መሪ ብሬዥኔቭን ቢማጠንም አልሆነም። አገሪቱ ወደ ቡናማ የድንጋይ ከሰል ተመለሰች፤ በዓመት ከ300 ሚሊዮን ቶን በላይ ትቆፍር ነበር። ቢተርፌልድን የመሰሉ ከተሞች አየር የተበላሸው፣ ለአዲስ ማሽን የሚሆነው ገንዘብ ከሰል ማውጫ ላይ የቀረው ከዚህ የተነሳ ነው። በ1983 አገሩ ብድር መክፈል ሊያቅተው ሲቃረብ ማን ደረሰለት? ባየርን የተባለው የምዕራብ ጀርመን ክልል መሪ ፍራንዝ ዮሴፍ ሽትራውስ፣ ኮሚኒስት ሲባል የሚቆጣው ሰውዬ። አንድ ቢሊዮን የምዕራብ ማርክ ብድር አመቻቸ፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላ 950 ሚሊዮን ተጨመረ። ምዕራብ ጀርመን ለፖለቲካ እስረኞች ማስለቀቂያም በዓመታት ውስጥ ከ3 ቢሊዮን ማርክ በላይ ከፍላለች።

«ምዕራባውያን አፈረሱት» ለሚለው መልሴ ይኸው ነው። በ1980ዎቹ ምዕራብ ጀርመን ይህን ኢኮኖሚ ከማፍረስ ይልቅ ደግፋ አቆይታዋለች። የራሳቸውን ሰው ምስክርነት ከፈለጉ የጌርሃርድ ሹረርን ሪፖርት ያንብቡ። ሹረር ከ1965 ጀምሮ የፕላን ኮሚሽኑ ኃላፊ ነው። በኦክቶበር 30 ቀን 1989፣ ግንቡ ከመከፈቱ ከአሥር ቀን በፊት፣ ለፖሊት ቢሮው ያቀረበው ጽሑፍ ዕዳው መጨመሩን ለማቆም ብቻ የሕዝቡ ኑሮ ከ25 እስከ 30 በመቶ መውረድ አለበት ይላል። አንድ ባለ 256 ኪሎቢት ማይክሮቺፕ ለመሥራት 534 ማርክ እንደሚያስወጣ፣ የዓለም ዋጋው ግን ከ4 እስከ 5 የምንዛሪ ማርክ (ለውጭ ንግድ ሒሳብ የሚጠቀሙበት፣ ከምዕራቡ ማርክ ጋር የሚስተካከል) እንደሆነም ይናገራል። ለማይክሮኤሌክትሮኒክስ ቢሊዮኖች ፈስሰውበት፣ በ1988 አንድ ቺፕ ለሆኔከር በካሜራ ፊት ከተበረከተ በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ሹረር ዕዳውን 49 ቢሊዮን የምንዛሪ ማርክ አድርሶታል። ከውሕደቱ በኋላ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ሲያሰላው የተጣራው ዕዳ ወደ 20 ቢሊዮን ማርክ ሆኖ ተገኘ፤ ሹረር ያላያቸው የተደበቁ ተቀማጮች ነበሩ። ስለዚህ «ኪሳራ ላይ ነበረች» ብለው በድፍኑ አይጻፉ። በራሷ መሪዎች ዓይን መውጫ ያጣች ነበረች ቢሉ ትክክል ነው። የሕዝቡ ሰልፍና በሃንጋሪ በኩል የተከፈተው ድንበር ባይኖሩም የኑሮ ቅነሳው ይመጣ ነበር። በ1953 እና በ1970 የፈሩት ያንኑ ነው።

የአባትዎ ቁጣ መሠረት የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ባለው ታሪክ ነው፤ እሱ ግን ሌላ ምዕራፍ ነው። ጁላይ 1 ቀን 1990 የምዕራቡ ማርክ ሲገባ ደመወዝ አንድ ለአንድ ተቀየረ። ምርታማነቱ ሲሶ የሆነ ፋብሪካ በአንድ ሌሊት በውድ ገንዘብ ደመወዝ ከፋይ ሆነ፤ የምሥራቅ አውሮፓ ደንበኞቹንም አጣ። የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል እንዲያዛውር የተቋቋመው ትሮይሃንድ የተባለው ድርጅት 8500 ገደማ ኩባንያዎችን፣ ወደ 4 ሚሊዮን ሠራተኛ የያዙትን፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሸጠ ወይም ዘጋ። ሚሊዮኖች ሥራ ፈቱ። አፈጻጸሙ ላይ ጠንካራ ትችት ማቅረብ ይቻላል፤ እኔም አቀርባለሁ። ነገር ግን በ1990 የተደረገው ነገር በ1989 የሆነውን ሊያስረዳ አይችልም። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይቋጯቸው።

ምንጭን በተመለከተ ሁለት ነገር። የምሥራቅ ጀርመንን ይፋዊ ስታቲስቲክስ ሲጠቀሙ የዋጋ መረጃው እምነት የሚጣልበት ነው፣ የዕድገት መጠኑ ግን የተጋነነ ነው። ሁለተኛው የአባትዎ ትዝታ ነው። የውጭ ተማሪ የሚኖረው በስኮላርሺፕ ነው፤ መኝታ ክፍል ተሰጥቶታል፣ ለትራባንት አልተመዘገበም፣ የሚያድሰው ጣሪያ የለውም። ከውጭ ተማሪዎች ብዙዎቹ ፓስፖርታቸውን ይዘው ምዕራብ በርሊን ደርሰው ይመለሱ ነበር፤ የክፍል ጓደኛቸው ጀርመናዊ አይችልም። ስለዚህ ርካሹ ነገር በሙሉ ደርሷቸዋል፣ ወረፋው ግን አብዛኛው አልነካቸውም። ትዝታቸው ሐሰት አይደለም፣ ከአንድ መስኮት የታየ ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ምሥራቅ ጀርመንን የተሳካ የዋጋ ቁጥጥር ምሳሌ አድርገው አይጥቀሱ፤ ፈታኝዎ ጥንቸሏን ካነሳብዎ ምዕራፉ ይወድቃል። በምትኩ ወጪው ወዴት እንደተዛወረ የሚያሳይ ጉዳይ አድርገው ይጻፉት። ርዕሱንም ያጥቡት። ዳቦ፣ ኪራይና ቡና ሦስቱ ብቻ ይበቃሉ። ለእያንዳንዳቸው የሱቁን ዋጋ፣ ትክክለኛውን ወጪ፣ ልዩነቱን የከፈለውን ወገን ያስቀምጡ። ዳቦውን በጀት ከፈለው፣ ቤቱን ራሱ ቤቱ እየፈረሰ ከፈለው፣ ቡናውን ምንዛሪ ከፈለው። ዋጋን ከደመወዝ ጋር ብቻ አያወዳድሩ፤ የጥበቃ ዓመትንም በሰንጠረዡ ውስጥ አንድ ዓምድ ይስጡት።

ከዚያ በፊት ግን አባትዎን በቴፕ ይቅረጹ። ስለ ዳቦው አይጠይቋቸው፤ እሱን በቃላቸው ያውቁታል። ኢንተርሾፕ ገብተው ያውቁ እንደሆነ፣ ምዕራብ በርሊን ደርሰው ሲመለሱ ጀርመናዊ ጓደኞቻቸው ምን አምጣልን ይሏቸው እንደነበር፣ ያረፉበት ሰፈር የላይኛው ፎቅ ሰው ይኖርበት እንደነበር ይጠይቋቸው። እና ከአገር ቤት ቡና ይላክላቸው ከነበረ፣ ለማን ለማን እንዳካፈሉት።